ፌስታሉን ትተን ውስጡ ስላለው እናውራ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

እንደምን ሰነበታችሁ? በቅርቡ ስለ ፌስታል ያወጣችሁትን ሰፊ ጽሑፍ ካነበብኩ በኋላ ነው ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የተነሳሁት። ጽሑፉ ጥሩ ነበር። ፎቶዎቹም ልብ ይነካሉ። ግን አንብቤ ስጨርስ አንድ ነገር ከነከነኝ፤ ለቀናት አልለቀቀኝም። ሙሉ ገጽ ስለ ፌስታል አንብቤ፣ ፌስታሉ ውስጥ ስለሚገባው ነገር አንድ መስመር እንኳ አላገኘሁም።

እስቲ አስቡት። ባዶ ፌስታል ሚዛን ላይ ቢቀመጥ ጥቂት ግራም ነው። ውስጡ የምንጭነው ግን አምስት ስድስት ኪሎ ይሆናል፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ሩዝ፣ ዳቦ፣ ቲማቲም፣ አንዳንዴም ርካሽ ስለሆነ ብቻ ያነሳነው ቲሸርት። እኛ በጥቂቷ ግራም እንከራከራለን። የጨርቅ ቦርሳ ይዘን ከወጣን ደግሞ ለአካባቢያችን የድርሻችንን እንደተወጣን ይሰማናል። ስድስቱ ኪሎ ግን ማንም ሳይጠይቀው ቤት ይገባል። ከእሱም ላይ የተወሰነው ከሳምንት በኋላ በዚያው ፌስታል ተጠቅልሎ ቆሻሻ ውስጥ ይጣላል።

ፌስታል ምንም አያደርስም እያልኩ አይደለም፤ ይህ እንዲያዝልኝ እፈልጋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት፣ የሰው ልጅ እስከ 2015 ድረስ ካመረተው 8.3 ቢሊዮን ቶን ፕላስቲክ ውስጥ 6.3 ቢሊዮን ቶን ያህሉ ቆሻሻ ሆኗል ይላል። ከዚያ ቆሻሻ ሪሳይክል የተደረገው 9 በመቶው ብቻ ነው። ቀሪው ወይ ተቃጥሏል፣ ወይ ተቀብሯል፣ ወይ ሜዳና ወንዝ ላይ ተበትኗል። ቱቦ ይደፍናል፣ እንስሳት ይበሉታል፣ ባሕር ውስጥ ተሰባብሮ ዓሣ ሆድ ይገባል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ በጽሑፋችሁም በደንብ ተገልጿል።

ቅር ያለኝ መፍትሔ ተብሎ የቀረበው ነገር ነው። «የጨርቅ ቦርሳ ግዙ» ትላላችሁ። ሰውም ይገዛል። አንዱ ሲረሳ ሌላ ይገዛል፣ ከስብሰባ በነፃ ይሰጠዋል፣ ከመጽሐፍ ጋር ይሰጠዋል፤ እኔ ራሴ ቁም ሣጥኔ ውስጥ ዘጠኝ ቆጠርኩ። ጥጥ ግን ዝም ብሎ አይበቅልም። ውሃ ይጠጣል፣ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ይፈልጋል፣ ይፈተላል፣ ይሸመናል፣ ቀለም ይነከራል። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው ጥናት፣ አንድ የጥጥ ቦርሳ ለአየር ንብረት ከስስ ፌስታል የተሻለ እንዲሆን ቢያንስ 131 ጊዜ ዕቃ ሊያዝበት ይገባል ይላል። ዴንማርኮች በ2018 ያወጡት ስሌት ከሌላ ዓይነት ፌስታል ጋር ስላነጻጸረው 52 ጊዜ አለው፤ የውሃውን፣ የኬሚካሉንና ሌላውን ጉዳት ሁሉ ከግምት ሲያስገቡ ግን ቁጥሩ ወደ 7,100 ዘለለ። ስለዚህ ዘጠኙን ቦርሳዬን በየተራ ይዤ መውጣቴ የረባ ነገር አይደለም። አንዱን ይዤ እስኪበጣጠስ ድረስ ብጠቀምበት ግን ትርጉም አለው። ቤት ውስጥ የተከማቸውን ፌስታል ደግሜ ደጋግሜ ብጠቀምበትም እንደዚያው። ጥሩው ቦርሳ ቤታችን ያለው ነው፤ አዲስ መግዛት አያስፈልግም። በዚህ ጉዳይ ይሄ ይበቃል።

አሁን ወደ ውስጡ ልግባ።

እ.ኤ.አ. በ2018 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት አለ። አጥኚዎቹ በ119 አገሮች ከሚገኙ 38,700 ገደማ እርሻዎች መረጃ ሰብስበው 40 የምግብ ዓይነቶችን ከማሳ እስከ ገበታ ተከታትለዋል። የደረሱበት ውጤት ይህ ነው፦ የሰው ልጅ ከሚለቀው ሙቀት አማቂ ጋዝ ውስጥ 26 በመቶ ያህሉ ከምግብ ጋር የተያያዘ ነው። ከሩብ በላይ ማለት ነው። ከዚያ ውስጥ የማሸጊያው ድርሻ 5 በመቶ ገደማ ነው። ፌስታል ብቻ ሳይሆን ካርቶኑ፣ ጠርሙሱ፣ ቆርቆሮው ተደምሮ። የትልቁ ድርሻ ባለቤት ማሳው፣ ግጦሹና ለእነሱ ሲባል የተመነጠረው ደን ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው። ለምንድን ነው የከብት ሥጋ ከሌላው ሁሉ እንዲህ የሚለየው? ከብት ሣር መብላት የሚችለው ሆዱ ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ተሕዋስያን ሣሩን ስለሚያፈርሱለት ነው። እነዚያ ተሕዋስያን ሥራቸውን ሲሠሩ ሚቴን የተባለ ሙቀት አማቂ ጋዝ ይፈጥራሉ፤ ከብቱም ሲያመሰኳና ሲያገሳ አየር ላይ ይለቀዋል። በግና ፍየልም እንዲሁ ናቸው። ሚቴን በክብደት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲነጻጸር በ100 ዓመት ስሌት 28 ጊዜ ያህል፣ በ20 ዓመት ስሌት ደግሞ ከ80 ጊዜ በላይ ያሞቃል። በዚህ ላይ ከብት ቶሎ አያድግም። ለዓመታት ይበላል፣ ይጠጣል፣ መሬት ይይዛል። ከበላው ውስጥ ሥጋ ሆኖ የሚመለሰው ጥቂቱ ነው።

ስለዚህ 100 ግራም ፕሮቲን ከከብት ሥጋ ለማግኘት በአማካይ 50 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያሞቀውን ያህል የሚያሞቅ ጋዝ ይለቀቃል። ይህ ለሥጋ ተብሎ የሚረባ ከብት ሲሆን ነው፤ የወተት ላም ሥጋ ከሆነ ወደ 17 ይወርዳል። ያንኑ 100 ግራም ከዶሮ ብናገኘው 6 ኪሎ አይሞላም፣ ከእንቁላል 4 ገደማ ነው፣ ከአተር ደግሞ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይደርስም። ሃምሳ ኪሎና ግማሽ ኪሎ! ይህን ያህል ርቀት ያለበት ነገር በሌላ በየትኛው የግዢ ውሳኔያችን ውስጥ እንደምናገኝ እንጃ። በመብራት አይደለም፣ በፌስታል አይደለም፣ በወረቀት አይደለም።

መሬቱም አለ። ሰው ሊኖርበት ከሚችለው የምድር ክፍል ግማሽ ያህሉን ግብርና ይዞታል። ከዚያም ላይ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና የእርባታ ዓሣ ከእርሻ መሬቱ 83 በመቶውን ይወስዱና በምላሹ የሚሰጡት የምንበላውን ካሎሪ 18 በመቶ፣ ፕሮቲናችንን ደግሞ 37 በመቶ ነው። ስለ አኩሪ አተር የሚባለውንም ሰምታችሁ ይሆናል፤ «አማዞንን የሚያወድሙት አኩሪ አተር የሚበሉ ሰዎች ናቸው» ይባላል። በዓለም ላይ ከሚመረተው አኩሪ አተር ግን ሦስት አራተኛ የሚሆነው የከብት፣ የዶሮና የአሳማ መኖ ነው። ሰው በቀጥታ ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሰል ምግብ) እና የአኩሪ አተር ወተት አድርጎ የሚጠቀመው 7 በመቶ ገደማውን ብቻ ነው።

አውቃለሁ፣ ይህን ሲያነብ ደሙ የሚፈላ ሰው አለ። «ሥጋ አትብሉ ልትሉን ነው?» ይላል። እኔ እንደዚያ አላልኩም። በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ሥጋ የሚቀምስ ሰው ከዚህ ወሬ ውስጥ የለበትም። ልጇን በላሟ ወተት የምታሳድግ እናትም የለችበትም። እርሻ በማይበቅልበት መሬት ላይ ከብቱን ይዞ የሚኖር ሰውም ጥፋተኛ አይደለም። በተመሳሳይ ምርት ውስጥ እንኳ ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ ያው ጥናት የከብት ሥጋ አምራቾችን ሲያወዳድር በአንዱና በሌላው መካከል የ12 እጥፍ ልዩነት አግኝቷል። እኔ የማወራው በሳምንት አምስትና ስድስት ቀን ያለ ሐሳብ ሥጋ ስለምንገዛው ሰዎች ነው፤ ከልማድ የተነሳ፣ ሌላ ነገር መሥራት ስለታከተን፣ ወይም ያለ ሥጋ የቀረበ ምግብ እንግዳ የሚያሳፍር ስለሚመስለን። እኛ ግማሹን በምስር፣ በባቄላ፣ በሽምብራ ወይም በእንቁላል ብንተካው ጤናችንም አይጎዳም፣ ኪሳችንም ያመሰግነናል፣ ለውጡም ቶሎ ይታያል። ቶሎ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሚቴን አየር ላይ የሚቆየው 12 ዓመት ገደማ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ከፊሉ ለብዙ መቶ ዓመታት ይቆያል። ዛሬ ያልተለቀቀ ሚቴን ልጆቻችን ትምህርት ሳይጨርሱ ልዩነቱ ይታወቃል ማለት ነው።

ሌላው ብዙ ጊዜ የምሰማው «ከሩቅ አገር የመጣ አትግዙ» የሚለው ነው። ደግ ሐሳብ ይመስላል። የአገር ውስጥ ገበሬን መደገፍ ራሱን የቻለ ጥሩ ምክንያት አለው፤ ያንን አልከራከርም። ነገር ግን ከምግብ ጋር ከተያያዘው ጋዝ ውስጥ የማጓጓዣው ድርሻ 6 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በመርከብ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር የተጓዘ ምስር፣ ጎረቤት ካደገ ከብት ሥጋ እጅግ ያነሰ ጫና አለው። ቀዝቃዛ አገር ውስጥ በጋዝ በሚሞቅ ግሪንሃውስ የበቀለ ቲማቲምም፣ ፀሐይ ካለበት አገር በመኪና ከመጣ ቲማቲም ሊብስ ይችላል። መጠንቀቅ ያለብን በአውሮፕላን የሚመጣውን ነው። ቶሎ የሚበላሽ፣ ወቅቱ ያልሆነ፣ ስስ የሆነ ፍራፍሬና አትክልት ብዙ ጊዜ በአውሮፕላን ነው የሚጫነው፤ አውሮፕላን ደግሞ ለአንድ ቶን ጭነት በአንድ ኪሎ ሜትር ከመርከብ 50 እጥፍ ገደማ ይለቃል። ችግሩ ዕቃው ላይ «በአውሮፕላን መጣ» ብሎ የሚጽፍ ሻጭ ማግኘት አለመቻሉ ነው። እኔ የማደርገው ወቅቱን መጠበቅ ነው። ወቅቱ ካልሆነ እተወዋለሁ፣ ሲደርስ እጠግበዋለሁ።

ስለ ፓልም ዘይትም በአጭሩ ልበል፣ ምክንያቱም በቅን ልብ የሚሠራ ስህተት አለበት። ለፓልም እርሻ ሲባል በተለይ ኢንዶኔዥያና ማሌዥያ ውስጥ ብዙ ደን ወድሟል። ስለዚህ ብዙ ሰው «ፓልም ያለበትን ጨርሶ አልገዛም» ይላል። ነገር ግን ፓልም ከአንድ ሄክታር የሚሰጠው ዘይት ከሱፍም ከአኩሪ አተርም በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሁላችንም ትተነው ወደ ሌላው ዘይት ብንዞር ያንኑ ያህል ዘይት ለማግኘት የሚታረሰው መሬት ይጨምራል። የሚሻለው ደን ሳይመነጠር የተመረተውን መጠየቅና በአጠቃላይ በዘይት የተጠበሰ የታሸገ ነገር መቀነስ ነው።

አሁን ደብዳቤውን ያስጻፈኝ ዋናው ነገር ላይ ደረስኩ። እሱም የምንጥለው ምግብ ነው።

ጽሑፋችሁን ባነበብኩ ማግስት አንድ አሮጌ ደብተር ወጥ ቤት አስቀመጥኩ። ቤታችን የሚጣለውን ምግብ ሁሉ ልጽፍ ወሰንኩ፤ ምን እንደተጣለ፣ ስንት ቀን እንደቆየ፣ ለምን እንደተጣለ። ቤተሰቤ መጀመሪያ አልወደደውም። «ስንት እንጥላለን ብለህ ነው?» ተባልኩ። እኔም ብዙ ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም፤ ምግብ የማያባክን ቤት ነው ብዬ አምን ነበር። ሁለት ሳምንት ጻፍኩ። ግማሽ ዳቦ፣ ሻጋታ። አንድ እስር ሰላጣ፣ ከፍሪጁ በስተኋላ ተረስቶ ውሃ ሆነ። የተቀቀለ ሩዝ፣ ብዙ ስለተሠራ። ሦስት ቲማቲም፣ ከሥር ሆነው ተጨፍልቀው። እርጎ፣ «ቀኑ አልፏል» ተብሎ። እንደገና ዳቦ። እንደገና ሩዝ። አንድ ቁራጭ ሥጋ፣ ይህ በተለይ አመመኝ፤ ለነገ ተብሎ ተቀምጦ ለነገም ለከነገ ወዲያም ሳይበላ ቀረ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ገጹ ሞልቶ ነበር። ዝርዝሩን ጮክ ብዬ ሳነብ ቤቱ ጸጥ አለ።

ቁጭ ብዬ ሌላውም ቤት እንዲህ መሆን አለመሆኑን ፈለግኩ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በ2022 ዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል። ይህ ሱቅ፣ ምግብ ቤትና መኖሪያ ቤት ከደረሰው ምግብ ውስጥ 19 በመቶው ነው፤ ከአምስት ሳህን አንዱ ማለት ነው። ቤት ሳይደርስ፣ ከአዝመራ በኋላ በመንገድና በመጋዘን የሚጠፋው 13 በመቶ ገደማ እዚህ ቁጥር ውስጥ የለም። እኔን ያስደነገጠኝ ደግሞ የሚከተለው ነው። ከባከነው ውስጥ 60 በመቶው የሚጣለው ከመኖሪያ ቤት ነው። ሆቴል አይደለም፣ ሱፐርማርኬት አይደለም፤ እኔና እናንተ ነን። በነፍስ ወከፍ ሲሰላ በዓመት 79 ኪሎ ነው። ሪፖርቱ ሀብታም አገርና ድሃ አገር በዚህ ቁጥር ብዙም አይራራቁም ይላል። «ይህ የጠገቡ ሰዎች ችግር ነው» ብለን የምናልፈው ነገር አይደለም። በዚያው ዓመት እስከ 783 ሚሊዮን የሚደርስ ሕዝብ ተርቦ ነበር።

የሚጣል ምግብ ለምን እንዲህ ይከብዳል? አንድ ዳቦ ስንጥል የምንጥለው ዳቦውን ብቻ አይደለም። ስንዴው የበቀለበት መሬት፣ ማዳበሪያው፣ ማሳው የታረሰበት ነዳጅ፣ የወፍጮው መብራት፣ የምድጃው እሳት፣ ያመጣው መኪና፣ ሁሉም አብሮ ይጣላል። ከወንዝና ከከርሰ ምድር ከምንቀዳው ንጹሕ ውሃ 70 በመቶ ያህሉ ለግብርና የሚውል ስለሆነ ውሃውም አብሮ ይፈሳል። ከዚያ ደግሞ ዳቦው ቆሻሻ መድፊያ ሄዶ ሌላ ቆሻሻ ሥር ሲቀበር አየር ስለማያገኝ ሲበሰብስ ያንኑ ሚቴን ያመነጫል። በጠቅላላው የሚጠፋና የሚባክን ምግብ ከዓለም ሙቀት አማቂ ጋዝ ከ8 እስከ 10 በመቶ ድርሻ አለው። የምንጥለው ሥጋ ሲሆን ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። ያ ሁሉ መኖ፣ ያ ሁሉ ሚቴን፣ ያ የእንስሳው ሕይወት፣ ማንም ሳይበላው ጉድጓድ ይገባል።

ከደብተሩ የተማርኩትን ልንገራችሁ፣ ምናልባት ለአንባቢዎቻችሁ ይጠቅም ይሆናል። አንደኛ ነገር፣ ቤታችን የሚጣለው ከተረፈው ይልቅ የተረሳው ነው። ፍሪጅ ስንገዛ ምግብ እንዳይበላሽ ብለን ነው፤ እውነቱ ግን ፍሪጁ ምግቡን ከዓይናችን ደብቆ ያስረሳናል። አሁን ቶሎ ማለቅ ያለበት ነገር ፊት ለፊት፣ ዓይን በሚያርፍበት መደርደሪያ ላይ ነው የሚቀመጠው። ዳቦ በተገዛበት ቀን ግማሹ ተቆራርጦ ፍሪዘር ይገባል፤ ሲፈለግ በሙቀት ይመለሳል፣ ጣዕሙም ያው ነው። ሩዝ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከተቀቀለ በኋላ ውጪ ማሳደር አይገባም፤ ቶሎ ቀዝቅዞ ፍሪጅ መግባት አለበት፣ አለበለዚያ ሊያሳምም ይችላል። ስለዚህ ሩዝ መሥሪያው ላይ ስኒ አስቀመጥን፤ በሰው ልክ ይለካል፣ ዓይን በመሰለው አይደለም።

ሁለተኛ፣ ቀኑ። እርጎውን የጣልነው «ቀኑ አልፏል» ብለን ነበር። ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ግን «ከዚህ ቀን በፊት ቢጠቀሙት ይመረጣል» የሚል ነበር። ይህ ስለ ጥራት ነው የሚናገረው፤ ጣዕሙ ወይም ውፍረቱ ትንሽ ሊቀንስ ይችላል ማለት ነው። በአግባቡ ከተቀመጠ፣ ሽታውና መልኩ ካልተቀየረ ብዙ ጊዜ ይበላል። «ከዚህ ቀን በኋላ አይጠቀሙ» የሚለው ግን ሌላ ነው። እሱ ስለ ደህንነት ነው፣ ጥሬ ሥጋና ዓሣ የመሳሰሉት ላይ ይጻፋል፤ እሱን መድፈር የለብንም። እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች የሚያምታታ ቤት ደህናውን ምግብ ይጥላል። እኔ እስከ ዘንድሮ ድረስ አምታታ ነበር። ጋዜጣ አንድ ነገር ቢያስተምር ይህን ቢያስተምር ምን አለ?

ሦስተኛ፣ ቅናሹ። «ሁለት ሲገዙ ሦስተኛው በነፃ» የሚል ነገር ሳይ እጄ ይዘረጋ ነበር። በደብተሬ ላይ ከተጻፉት ውስጥ ሰላጣውና ቲማቲሙ እንደዚያ የተገዙ ነበሩ። ነፃው ተጣለ። የከፈልኩበትም አብሮ ተጣለ። ርቦኝ ሱቅ አልገባም አሁን፤ ዝርዝር ሳልይዝም አልገባም። መልኩ የተጣመመ ካሮትና ጠባሳ ያለበት ፖም ሳይ ደግሞ እሱን አነሳለሁ፣ ምክንያቱም ካልተነሳ መጣሉ ነው።

የምንገዛው ምግብ ብቻ ስላልሆነ ስለ ሌላውም አንድ ሁለት ነገር ልበል። ልብስ አለ። አንድ የጥጥ ቲሸርት ለመሥራት 2,700 ሊትር ገደማ ውሃ እንደሚፈጅ ይገመታል። ጥጥ ምን ማድረግ እንደሚችል ማየት የሚፈልግ መካከለኛው እስያ ያለውን የአራልን ባሕር ታሪክ ይመልከት። በዓለም በስፋቱ አራተኛ የነበረ ሐይቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሁለቱ ገባር ወንዞቹ ለጥጥ መስኖ ተጠልፈው አብዛኛው ክፍሉ ደረቀ፣ መርከቦች አሸዋ ላይ ቀሩ። ስልክም እንዲሁ ነው። ስልክ በዕድሜው ከሚያስከትለው ጫና ትልቁ የሚመጣው ሲሠራ ነው፤ ቻርጅ ስናደርገው ያለው ትንሽ ነው። ስለዚህ የተሰበረ ስክሪን አስቀይሮ ሁለት ዓመት መጨመር፣ «ኤሌክትሪክ አይፈጅም» የተባለ አዲስ ከመግዛት ይሻላል። በ2022 ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አምርታለች፤ ተሰብስቦ በአግባቡ ሪሳይክል የተደረገው ሩብ እንኳ አይሞላም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ እንደሚነሳ አውቃለሁ፤ ጓደኛዬም አንስቶብኛል። «ትልልቅ ኩባንያዎች ዓለምን እያቃጠሉ አንተ ስለ ግማሽ ዳቦ ታወራለህ» አለኝ። ግማሽ እውነት አለው። እያንዳንዱ ሰው የራሱን «የካርቦን አሻራ»፣ ማለትም በኑሮው የሚለቀውን ጋዝ መጠን፣ እንዲያሰላ በሰፊው ያስተዋወቀው ቢፒ የተባለው የነዳጅ ኩባንያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ማስያ አዘጋጅቶ አሠራጭቷል። ጥፋቱን ሁሉ ሸማቹ ላይ መጫን ለሻጩ ይመቻል። ስለዚህ ሕግ ያስፈልጋል፣ በእሱ እስማማለሁ። ሕግ ሲወጣ ምን እንደሚሆን ታይቷል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2016 ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች ያልተሸጠ ደህና ምግብ ሆን ብለው እንዳያበላሹ ከልክላ፣ ከእርዳታ ድርጅቶች ጋር ተዋውለው እንዲሰጡ አዘዘች። ደቡብ ኮሪያ በ2005 የምግብ ትራፊ ቆሻሻ መድፊያ እንዳይገባ አገደች፣ ከ2013 ጀምሮ ደግሞ ሰው በጣለው ልክ እንዲከፍል አደረገች። ዛሬ እዚያ አብዛኛው የምግብ ትራፊ መኖ፣ ማዳበሪያ ወይም ባዮጋዝ ይሆናል። ነገር ግን የትኛውም ሕግ ፍሪጄን ከፍቶ ከኋላ የተረሳውን ሰላጣ አያወጣልኝም። 60 በመቶው ቤት ውስጥ ከሆነ፣ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ነው የሚቀንሰው። ሁለቱም ይደረግ፤ አንዱ ሌላውን እስኪጠብቅ ድረስ ግን ዳቦው ይሻግታል።

አገሮች በተባበሩት መንግሥታት በተስማሙበት የልማት ግብ ውስጥ፣ በሱቅና በቤት የሚባክነውን ምግብ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 በነፍስ ወከፍ በግማሽ እንቀንሳለን የሚል አለ። ቀኑ ቀርቧል። ስለ እሱ ግን ስንት ጊዜ ጽፋችኋል? ይህን የምለው ልወቅሳችሁ አይደለም። ለዓመታት የማነበው ጋዜጣ ስለሆነና ሰው እንደሚሰማችሁ ስለማውቅ ነው፤ ስለ ፌስታል ስትጽፉ የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ሳምንቱን ሙሉ ስለ ፌስታል ነበር የሚያወሩት።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ለሁለት ሳምንት አንባቢዎቻችሁ ቤታቸው የሚጣለውን ምግብ እንዲጽፉ ጋብዙ። ስም አያስፈልግም፣ አድራሻ አያስፈልግም። የተጣለው ነገርና ምክንያቱ ብቻ ይበቃል። ከዚያ የመጣውን ሳትመርጡ አትሙት፤ ከጎኑ ደግሞ ምግብ የሚያበስሉ ሰዎች እያንዳንዱን እንዴት ማትረፍ ይቻል እንደነበር ይጻፉበት። የሁለቱን የቀን ጽሑፎች ልዩነት በትልቁ አውጡት። ሱቆችንም ሄዳችሁ ማታ ሲዘጉ ያልተሸጠው የት እንደሚሄድ ጠይቁ፤ እኔ ብጠይቅ አይመልሱልኝም፣ ለእናንተ ይመልሳሉ።

የእኔን ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ፎቶ አንስቼ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬላችኋለሁ። ጽሑፉ ለማንበብ ያስቸግራል፣ አንዳንዱን የጻፉት ልጆች ናቸው። አሁን ሦስተኛው ገጽ ላይ ነን። በዚህ ሳምንት የተጻፈው ሁለት መስመር ብቻ ነው፦ የዳቦ ጠርዝና ግማሽ ሎሚ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ